የስኮፑ ክሊክ ቀድሞ ሲያልቅ፦ ቀለበትን ለረጅም ርቀት ስለማስተካከል

ጥያቄው፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው ኮሎራዶ ነው። ሬሚንግተን 700 ጠመንጃ አለኝ፣ በ308 ዊንቸስተር ጥይት የሚሠራ። የጥይቱ ክብደት 175 ግሬን ነው። ስኮፑ (የማነጣጠሪያ መነጽሩ) ባለ 30 ሚሊሜትር ቱቦ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ጠቅላላ የከፍታ ማስተካከያው 60 ኤም ኦ ኤ ይላል። በ100 ያርድ ዜሮ አድርጌዋለሁ፤ ጥይቱ ያነጣጠርኩበት ነጥብ ላይ እንዲመታ አስተካክዬዋለሁ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ላይ ስቆጥር ማዞሪያው 24 ላይ ቀጥ ይላል። እስከ 800 ያርድ ደህና ነኝ። 1000 ላይ ግን በግምት ባዶ አየር ላይ ነው የማነጣጥረው። አንድ ጓደኛዬ ከለስላሳ ጣሳ ቁራጭ ቆርጠህ የኋላው ቀለበት ስር አስገባ አለኝ። ሌላው ደግሞ ስኮፑን ሽጠህ ትልቅ ግዛ ይላል። የቱን ልስማ? ቀለበቱስ በትክክል የሚስተካከለው እንዴት ነው?»

ወንድሜ፣ ሁለቱንም ለጊዜው አትስማ። ስኮፕህ ምንም አልሆነም። ለዚህ ጉዳይ ብለህ አትሽጠው። የጣሳውን ነገር ግን ዛሬውኑ ከሐሳብህ አውጣው። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግርሃለሁ፤ እኔም ከፍዬበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ማዞሪያው 24 ላይ የቆመበትን ምክንያት እንረዳ። እሱን ካወቅህ ሌላው ሥራ የመፍቻና የትዕግሥት ጉዳይ ነው።

ኤም ኦ ኤ የሚባለው አንድ ዲግሪ ለ60 ሲከፈል ያለችው አንዷ ክፋይ ናት። በ100 ያርድ ላይ 2.66 ሴንቲሜትር ገደማ ትሆናለች። በ1000 ያርድ ደግሞ 26.6 ሴንቲሜትር። የአንተ ጥይት በሰከንድ 2600 ጫማ አካባቢ ይዞ ቢወጣ፣ ከ100 ያርድ ዜሮ ተነስተህ 1000 ለመድረስ በባሕር ጠለል ከፍታ 38 ኤም ኦ ኤ ገደማ ያስፈልግሃል። እዚህ እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጥይቱ ፍጥነቱን ቶሎ አይጥልም። ስለዚህ 34 አካባቢ ይበቃሃል። አንተ ያለህ 24 ነው። የጎደለህ 10 ማለት ነው። 10 ኤም ኦ ኤ በ1000 ያርድ ላይ 2 ሜትር ከ66 ይሆናል። የአንድ ክፍል ኮርኒስ ከፍታ ያህል በግምት እየጨመርክ ነው የምትተኩሰው። ብትስት አይገርምም።

አሁን ደግሞ ስኮፑን ተመልከት። 60 ስላለው ግማሹ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች ነው። መሐል ላይ ቢሆን 30 ወደ ላይ ይኖርህ ነበር። አንተ ግን 24 ነው ያለህ። 6ቱ የት ሄደ? ስኮፑን ከጠመንጃው ጋር የሚያገናኙት መቀመጫዎች፣ ቀለበቶቹና የጠመንጃው ጀርባ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ይዛነፋሉ። ያንን ልዩነት ለማካካስ፣ በ100 ያርድ ዜሮ ስታደርግ 6ቱን ሳታውቀው በልተሃል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የተለመደ ነው። ወደ ታች ግን 36 ቀርቶሃል። እሱን ለምን ትጠቀምበታለህ? ለምንም። በረጅም ርቀት ተኩስ ወደ ታች የሚወርድ ሰው የለም። ሥራው ሁሉ ያንን ከታች ተኝቶ ያለ 36 ወስዶ ወደ ላይ ማዛወር ነው።

የሚዛወረው ደግሞ ስኮፑን በማዘንበል ነው። የኋላው ከፍ፣ የፊቱ ዝቅ ይላል፤ ስኮፑ ወደ ፊት ያጎነብሳል። ስኮፑ ወደ ታች ሲያይ፣ መስቀሉን (ስኮፑ ውስጥ የሚታየውን የማነጣጠሪያ መስመር) ዒላማው ላይ ለማድረግ አፈሙዙን ከፍ ማድረግ ግድ ይሆንብሃል። አገር ቤት አሮጌ ምንሽር አይተህ ከሆነ፣ የኋላው ማነጣጠሪያ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ቁጥርም ተጽፎበታል። ርቀቱ ሲጨምር የኋላው ይነሳል። አባቶቻችን በብረት ማነጣጠሪያ ያደርጉት የነበረውን ነው እኛ በስኮፕ የምናደርገው። ሕጉ ያው ነው።

ስንት እናዘንብለው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ብዙ ባዘነበለ ቁጥር የሚሻል ይመስለዋል። አንተ ወደ ታች ያለህ 36 ነው። 40 ብታዘነብለው በ100 ያርድ ዜሮ ማድረግ ከነአካቴው አትችልም፣ 4 ይጎድልሃል። 30 ብታዘነብል ወደ ላይ 54፣ ወደ ታች 6 ይኖርሃል። ይሠራል፣ ግን ዜሮህ ከስኮፑ ጫፍ ተጠግቶ ይቀመጣል። እዚያ ጋ ስኮፕ ደስ አይለውም። ውስጡ ያለው ተንቀሳቃሽ ቱቦ ክብ ነው፤ የሚንቀሳቀሰውም ክብ ቱቦ ውስጥ ነው። ከላይ ወይም ከታች ጫፍ ሲደርስ ወደ ግራና ቀኝ የሚሄድበት ቦታ ይጠብበታል። ለንፋስ የምታዞረው ክሊክ (ማዞሪያው ቀጭ እያለ የሚሄድበት እርምጃ) ያንስሃል ማለት ነው። 20 ብታዘነብል ግን ወደ ላይ 44፣ ወደ ታች 16 ይሆናል። 1000 ያርድ በባሕር ጠለል ከፍታም፣ በብርድም ይበቃሃል፤ ትርፍም ይኖርሃል። ላንተ ጠመንጃና ስኮፕ ትክክለኛው ቁጥር 20 አካባቢ ነው። 17ም ይሁን 21 አያጣላንም።

ይህንን ለማድረግ ሁለት ደህና መንገዶች አሉ።

አንደኛው መቀመጫውን መቀየር ነው። አሁን ያሉህ ሁለት ቁራጭ መቀመጫዎች ናቸው ብዬ እገምታለሁ፤ የፊት ለብቻ፣ የኋላ ለብቻ። እነሱን አውጥተህ 20 ኤም ኦ ኤ ተዳፋት ያለው አንድ ወጥ ፒካቲኒ ሬል (ቀለበቶቹ የሚታሰሩበት ጎድጓዳ ጎድጓዳ ያለው ሐዲድ) ታስራለህ። ተዳፋቱ ሬሉ ላይ ከፋብሪካ ተቆርጦ የመጣ ስለሆነ ሁለቱም ቀለበቶች በአንድ መስመር አብረው ያዘነብላሉ። ጠንካራ ነው። ጠመንጃ ከባዶው ቢያመጡልኝ እኔ የማስረው ይህንን ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በል። ፒካቲኒና ዊቨር የሚባለው ሌላው የሬል ዓይነት መልካቸው ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደሉም። በ1995 በአሜሪካ ጦር መለኪያ የጸደቀው የፒካቲኒ ጎድጓዳ ስፋቱ 5.23 ሚሊሜትር ነው። የዊቨሩ 4.57 ነው። ለዊቨር የተሠራ ቀለበት ፒካቲኒ ላይ ይገባል፣ ግን ይላወሳል። ለፒካቲኒ የተሠራው ዊቨር ላይ አይገባም። ቀለበትና ሬል ስትገዛ ይህን ሳታይ ብር አትክፈል።

ሁለተኛው መንገድ ራሱ ቀለበቱ ውስጥ ነው። ጥያቄህም ስለ ቀለበት ስለሆነ እዚህ ላይ ቆየት ልበል።

ውስጣቸው የፕላስቲክ ስንቅር ያላቸው ቀለበቶች አሉ። እዚሁ ኮሎራዶ፣ ግሪሊ ያለው በሪስ የሚሠራቸው ሲግኔቸር የሚባሉት በሰፊው ይታወቃሉ። የቀለበቱ ውስጥ እንደ ኳስ ጎድጎድ ያለ ነው። ስንቅሩም ውጭው እንደ ኳስ የተጠማዘዘ ነው። ስለዚህ ስኮፑ ሲያዘነብል ስንቅሩ ቀለበቱ ውስጥ አብሮ ይዞራል። የስኮፑ ቱቦ በሙሉ ገላው ስንቅሩ ላይ ያርፋል እንጂ የትም ጋ በጠርዝ አይነከስም። ስንቅሮቹ ደግሞ ሁሉም እኩል ውፍረት የላቸውም። ባለ 5፣ ባለ 10 እና ባለ 20 አሉ። ቁጥሩ የኢንች ሺኛ ነው። በሚሊሜትር ብናደርገው 5 ማለት 0.13፣ 10 ማለት 0.25፣ 20 ማለት 0.51 ነው። ወፍራሙን ከታች ስታደርገው ቱቦው በዚያ ልክ ይነሳል። ቀጭኑን ከታች ስታደርግ ይወርዳል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የሁለቱን ቀለበቶች ርቀት ከመሐል እስከ መሐል ለካ። የኋላው ከፊቱ የሚበልጥበትን ሚሊሜትር በዚያ ርቀት አካፍል። የመጣውን በ3438 አባዛ። መልሱ በኤም ኦ ኤ ነው። ምሳሌ፦ ቀለበቶችህ 102 ሚሊሜትር ቢራራቁ፣ የኋላውን በባለ 10 ብታነሳ፣ የፊቱን በባለ 10 ብታወርድ፣ ልዩነቱ 0.51 ሚሊሜትር ይሆናል። ያ 17 ኤም ኦ ኤ ይሰጥሃል። ወደ ላይ ያለህ 24 ወደ 41 ያድጋል። ወደ ታች 19 ይቀርልሃል። የኋላውን በባለ 20 አንስተህ የፊቱን በባለ 5 ብታወርደው ደግሞ 21 ተኩል ገደማ ታገኛለህ።

ልዩነቱን ለሁለቱ ቀለበቶች ማካፈሉን እመርጣለሁ። ሁሉንም ሸክም አንዱ ላይ ከመጫን ይሻላል፤ የስኮፑ ከፍታም ብዙ አይለወጥም። ቀለበቶቹን ስትገዛ የትኞቹ ስንቅሮች ካርቶኑ ውስጥ እንዳሉ ተመልከት። አንዳንዱ ዜሮውን፣ ማለትም የማያነሳና የማያወርድ ስንቅር ብቻ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ለብቻው ይገዛል።

አሁን ወደ ጣሳው እንመለስ። የጣሳውን ቁራጭ ተራ ቀለበት ስር ስታስገባ የኋላው በርግጥ ይነሳል። ቀለበቱ ግን አያዘነብልም። የፊቱም የኋላውም ቀለበት ቀጥ ብለው እንደተቀመጡ ናቸው። ስኮፑ ብቻ ነው ዘንበል የሚለው። ታዲያ ቱቦው በየቀለበቱ ጠርዝ ላይ ይንጠለጠላል፤ ብሎኑን ስታጠብቀው ጠርዙ ይነክሰዋል። ቱቦው ስስ አሉሚኒየም ነው። ይጎብጣል።

ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ ይህን አድርጌዋለሁ። ውድድር ደርሶ ነበር፣ ሬል ለማዘዝ ጊዜ አልነበረኝም። በ100 ያርድ ዜሮው ያማረ ነበር። ርቀት ላይ ግን 8 ስጨምር 7 የሚሄድ፣ ሌላ ጊዜ 9 የሚሄድ ሆነ። ጥይቱን ጠረጠርኩ፣ ንፋሱን ጠረጠርኩ፣ ራሴንም ጠረጠርኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ተንገላታሁ። ቤት መጥቼ ስኮፑን ሳወርደው ቱቦው ላይ ሁለት ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ጭረቶች አየሁ፤ ከታች ደግሞ ጣቴ የሚያገኘው ጉድጓድ ነበር። ያ ስኮፕ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። የተጎዳ ቱቦ የሚያመጣው ጣጣ ይህ ነው። ቶሎ አይታይም። ሰው ሁሉን ነገር እንዲጠረጥር ያደርገዋል፣ ከራሱ ከቱቦው በስተቀር።

ቀለበት መሞረድ የሚባልም ነገር አለ። ቀለበቶቹን አሰልፈህ ቀጥ ያለ ብረት በሚፈጭ ቅባት እያሸህ ውስጣቸውን ማስተካከል ነው። ርካሽ ቀለበቶች ላይ ጥቅም አለው። የፕላስቲክ ስንቅር ላላቸው ግን ፈጽሞ አትሞክረው፤ አያስፈልጋቸውም። ከአንድ ወጥ ብረት ለተቆረጠ ጥሩ ማያያዣም እንዲሁ።

ወደ ማሰሩ እንሂድ። ሁሉንም ከመጀመርህ በፊት ካርታውን (የጥይት መያዣውን) አውጣ። ቦልቱን (የጠመንጃውን መዝጊያ) አውጣ። ማጉረሻው ውስጥ በዓይንህ እይ፣ በጣትህም ዳስስ። ጥይት በክፍሉ ውስጥ እንኳን አይኑር። ይህን ሺህ ጊዜ ሰምተኸው ይሆናል፤ እኔም ሺህ ጊዜ አድርጌዋለሁ፣ ነገም አደርገዋለሁ።

ከዚያ ስኮፑን መሐሉ ላይ አምጣው። ማዞሪያውን እስከ ታች በቀስታ አውርድ፣ ሲቆም አትጫነው። ከዚያ እስከ ላይ እየቆጠርክ ውጣ። ክሊክህ ሩብ ኤም ኦ ኤ ከሆነ 240 ገደማ ይመጣል። ግማሹን ተመለስ። የግራ ቀኙንም እንዲሁ። ይህ ስኮፕህ በርግጥ 60 እንዳለውም ያሳይሃል።

መቀመጫዎቹን ፈትተህ እንደገና እሰራቸው። አብዛኛው «ስኮፑ ዜሮ አይዝም» የሚባል ችግር መነሻው እዚህ ነው፤ ማንም የማያያቸው የታችኞቹ ብሎኖች ናቸው የሚላሉት። የብሎኑን ቀዳዳና ጥርሱን በአልኮል አጥበህ ዘይቱን አስወግድ። ሬሚንግተን 700 ላይ አንድ ጥንቃቄ ጨምር። የፊት ለፊቱ ብሎን ቀዳዳ ከበርሜሉ ጥርስና ከቦልቱ ጋር ቅርብ ነው። ረጅም ብሎን እዚያ ከገባ ይነካል። ከዚያ መቀመጫው የጠበቀ ይመስልሃል፣ ግን ብሎኑ የጠበቀው ከስር ካለው ብረት ጋር ነው። ካሰርክ በኋላ ቦልቱን መልሰህ አስገብተህ ሳያሻክር መዞሩን እይ። እዚህ ታች ላሉት ብሎኖች ሰማያዊውን የብሎን ሙጫ ትንሽ ጠብታ እጠቀማለሁ። ለላይኞቹ የቀለበት ክዳኖች ግን አላደርግም። ሙጫው ሳይደርቅ እንደ ዘይት ያንሸራትታል፤ በመለኪያ መፍቻ ያጠበቅኸው ከሚገባው በላይ ይጫናል።

ቀለበቶቹን ስታስቀምጥ ወደ ፊት፣ ወደ አፈሙዙ ገፍተህ ጎድጓዳው ፊት ላይ አስደግፋቸው። ጠመንጃው ሲራገጥ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ስኮፑ በክብደቱ ባለበት መቅረት ይፈልጋል። ቀለበቱ አስቀድሞ ከተደገፈ የሚንሸራተትበት ቦታ አያገኝም። ደግሞም ቀለበቱ ከማዞሪያዎቹ ጉብታ ጋር አይነካካ። ማጉያው ከሚዞርበት ጋም ራቅ ይበል።

ስንቅሮቹን አሁን አስገባ። የኋላው ቀለበት ታች ወፍራሙ፣ የፊቱ ቀለበት ታች ቀጭኑ። ተገልብጦ ከገባ ሥራው ሁሉ በተቃራኒው ይሆናል፤ ወደ ላይ ያለህ 24 ወደ 7 ይወርዳል። ስለዚህ ክዳኑን ሳትዘጋ አንድ ጊዜ ደግመህ እይ። ስኮፑን አስቀምጥ፣ ክዳኖቹን ግጠም፣ ብሎኖቹን ግን ገና ልል አድርጋቸው። ስኮፑ በእጅ መንቀሳቀስና መዞር አለበት።

ቀጥሎ የዓይን ርቀት። ይህን ጠረጴዛ አጠገብ ቆመህ አታድርገው። ወለል ላይ ተኛ፣ በምትተኩስበት አኳኋን። ማጉያውን መጨረሻ ላይ አድርግ፤ ርቀቱ ጥብቅ የሚሆነው እዚያ ነው። ዓይንህን ጨፍነህ ጉንጭህን ሰደፉ ላይ አሳርፍ። ከዚያ ግለጠው። ጠርዙ ላይ ጥቁር ጥላ ካየህ ስኮፑን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አንቀሳቅስ። ለብዙ ስኮፖች ከ9 እስከ 10 ሴንቲሜትር ነው። አንገትህን ካሰገግህ አልተስተካከለም። በጣም ከቀረበም ሲራገጥ ቅንድብህን ይሰነጥቀዋል።

አሁን የመጣው ነገር፣ ከሁሉም በላይ ጊዜ የምሰጠው ነው። መስቀሉን ማቃናት።

ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን በዓይኑ አያምንም። ቱንቢ ያንጠለጥላል። አንተም እንዲሁ አድርግ። ከ20 ሜትር በላይ ራቅ ባለ ቦታ፣ ንፋስ በማይነካው ጥግ፣ ወፈር ያለ ነጭ ክር ከታች ክብደት አስረህ ስቀል። ክሩ መወዛወዙን ሲተው የመሬት ስበት ራሱ የሠራልህ ቀጥ ያለ መስመር አለህ። ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ወይም ለስላሳ ጨርቅ በተደረገበት ሞርሳ ያዝ። ትንሽ ውሃ ልክ ሬሉ ወይም መቀመጫው ላይ አስቀምጥና ጠመንጃውን አስተካክል። ከዚያ ስኮፑን ቀለበቱ ውስጥ እያዞርክ የመስቀሉን ቋሚ መስመር ከክሩ ጋር አንድ አድርግ።

ለምን እንዲህ እጨነቃለሁ? ተመልከት። በ1000 ያርድ ጥይትህ ከ100 ያርድ ዜሮ መስመርህ በታች ከ10 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በ38ቱ ስሌት። መስቀሉ አንዲት ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል፣ ያ 10 ሜትር በሙሉ ወደ ጎን አንድ ዲግሪ ያዘነብላል። 17 ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ጎን ትስታለህ። በ3 ዲግሪ 53 ሴንቲሜትር ነው። 3 ዲግሪ በዓይን አይታወቅም። በ100 ያርድ ላይም አይታወቅም፣ ምክንያቱም እዚያ ገና ምንም አልጨመርክም። ሰው ንፋስ ነው እያለ ዓመት ሙሉ ይታገላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያምኑኝን አንድ ነገር ልንገርህ። ከስበት ጋር መቃናት ያለበት መስቀሉ ነው። ጠመንጃው ራሱ ትንሽ ቢያዘነብል ያን ያህል አይጎዳም። ስኮፑ ከበርሜሉ በላይ 45 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ጠመንጃው 2 ዲግሪ ቢያዘነብል፣ ስኮፑ ከበርሜሉ አናት ወደ ጎን የሚርቀው ከ2 ሚሊሜትር በታች ነው። በ1000 ያርድ ያ 1 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ልዩነት ቢያመጣ ነው። ስለዚህ ጠመንጃውን በውሃ ልክ አቃና፣ ግን ልብህን መስቀሉ ላይ አድርግ። ከዚያ በኋላ ስኮፑ ቱቦ ላይ የሚታሰር ትንሽ ውሃ ልክ ግዛ። ከመስቀሉ ጋር አስተካክለህ እሰረው። በሜዳ ላይ ተዳፋት ሲኖር ዓይን ይታለላል። የተራራው መስመር ሲያዘነብል ሰው ሳያውቀው ጠመንጃውን ከተራራው ጋር ያዘነብላል። እንደ ኮሎራዶ ያለ አገር ላይ ይህ በየቀኑ ያለ ነገር ነው።

ክዳኖቹን ስታጠብቅ መስቀሉ ይዞራል። ሁሉም ሰው እዚህ ይበሳጫል። አንዱን ብሎን ትንሽ፣ ከዚያ በሰያፍ ማዶ ያለውን ትንሽ፣ እንደገና ወደ መጀመሪያው። በሁለቱም ጎን ያለው ክፍተት እኩል ይሁን። በመጨረሻ በቶርክ መለኪያ (የማጥበቂያ ኃይልን በሚለካ መፍቻ) ጨርስ። ለብዙ ቀለበቶች ከ15 እስከ 18 ኢንች ፓውንድ ነው፤ ከ1.7 እስከ 2 ኒውተን ሜትር ማለት ነው። የአንተ ቀለበት ወረቀት ሌላ ቁጥር ካለው ግን ወረቀቱን ስማ። መለኪያ የሌለው ሰው በእጁ ያጠብቅና «ጠብቋል» ይላል፤ እጅ ደግሞ ሁልጊዜ አብዝቶ ነው የሚያጠብቀው። ጨርሰህ ወደ ክሩ መልሰህ እይ። ዞሮ ከሆነ አላላውና ድገመው። እኔ ሦስት ጊዜ የምደግምበት ቀን አለ።

ወደ ተኩሱ ስትሄድ አሮጌው ዜሮህ እንደሌለ አስታውስ። በ17 ኤም ኦ ኤ ካዘነበልከው ማዞሪያው ቀድሞ በነበረበት ቢሆን ጥይቱ በ100 ያርድ 45 ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ላይ ይመታል። ወረቀቱን ጨርሶ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ በ25 ያርድ ጀምር። ቦልቱን አውጥተህ በበርሜሉ ውስጥ ዒላማውን እይ፣ መሐሉ ላይ አሳርፈው። ጠመንጃውን ሳታንቀሳቅስ መስቀሉን ወደዚያው አምጣው። ከዚያ ሁለት ጥይት ይበቃሃል፤ ወደ 100 ሂድ። ዜሮው ሲያልቅ ወደ ላይ ያለውን ቁጠር። 41 አካባቢ ካልመጣ አንድ ቦታ ስህተት አለ።

ከዚህ በኋላ የመጨረሻውን ፈተና አትዝለለው። በ100 ያርድ ላይ ረጅም ካርቶን አቁም፣ ከአንድ ሜትር በላይ የሆነ። በውሃ ልክ ወይም በቱንቢ ቀጥ ያለ መስመር ከታች እስከ ላይ አስምርበት። ከታች አንድ ነጥብ አድርግ። ሦስት ጥይት ተኩስ። አሁን 30 ኤም ኦ ኤ ጨምር፣ ያችኑ የታች ነጥብ እያነጣጠርክ ሦስት ተኩስ። ከዚያ በሜትር ለካ። የሁለቱ ክምችቶች መሐል 79.8 ሴንቲሜትር መሆን አለበት፤ የላይኞቹም መስመሩ ላይ ማረፍ አለባቸው። ከመስመሩ ወደ ጎን ከወጡ መስቀሉ አልተቃናም። ቁመቱ ካነሰ ደግሞ ክሊኩ ከተጻፈው ያንሳል ማለት ነው። ለምሳሌ 78.2 ቢመጣ ስኮፑ 100 ስትለው 98 ነው የሚሄደው። በ1000 ያርድ 20 ሴንቲሜትር ዝቅ ያደርግሃል። ይህ ስኮፕ የሚያስጥል ነገር አይደለም። ቁጥሩን ካወቅኸው 38 የሚያስፈልግህን በ0.98 አካፍለህ 38.8 ትጨምራለህ፤ አለቀ። 100 ያርድ ላይ ያለውን ርቀት ግን በትክክል ለካው። የተኩስ ሜዳዎች «100» ብለው የጻፉት ሁሉ 100 አይደለም።

የመጀመሪያዎቹን 20 ጥይቶች ከተኮስክ በኋላ ብሎኖቹን በቶርክ መለኪያው እንደገና ንካቸው። ከዚያ በነጭ ቀለም ከብሎኑ አናት እስከ ቀለበቱ ቀጭን መስመር አስምር። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል። ዜሮህ ሲጠፋ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው።

ተዳፋቱ በማዞሪያ የሚቀየር ማያያዣም ገበያ ላይ አለ። ራቶን፣ ኒው ሜክሲኮ ዊቲንግተን የተኩስ ማዕከል ሄደህ ከማይል በላይ የሚተኩሱትን ብታይ እሱን የሚጠቀሙ ታገኛለህ። ላንተ 308 ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ያን ብር ለጥይትና ለራቶን ቤንዚን አውለው። ከዴንቨር በአይ 25 አውራ ጎዳና ሦስት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፤ 1000 ያርድ የሚያስተኩስ ሜዳ እዚያ አለ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የስሌቴን ምሳሌ የሠራሁት ቀለበቶችህ 102 ሚሊሜትር ይራራቃሉ ብዬ ነው። ያንተ 125 ቢሆን ያው ባለ 10ና ባለ 10 ስንቅር 14 ኤም ኦ ኤ ብቻ ነው የሚሰጥህ። ስንቅር ከማዘዝህ በፊት በካሊፐር ለካና ጻፍልኝ፤ የትኛው ጥንድ እንደሚበቃህ አብረን እናወጣዋለን።